ሰሌኑን ያየነው ዘግይተን ነው



ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ሥራችን፣ ይበልጡንም ስለ አንድ ስህተታችን ልናወጋችሁ ወደናል። አዋሽ ሰባት ኪሎ አብረን ያደግን አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። አንዳችን ሰመራ ያስተምራል፣ የቀረነው ለትምህርትና ለሥራ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነን። ባለፈው የመንፈቅ ዓመት እረፍት፣ ሙቀቱ ትንሽ ፋታ በሚሰጥበት ወቅት፣ ለትምህርት ቤት ልጆች የሥዕልና የእጅ ሥራ ፕሮግራም እናዘጋጅ ብለን ተነሳን። መጀመሪያ አዋሽ፣ ቀጥሎ ሰመራ።

ለምን ሥዕል ትሉ ይሆናል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና እይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለ። እኛ በምናውቃቸው ክፍሎች ግን ቀለምም ወረቀትም እንደልብ ስለማይገኝ ክፍለ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ይሆናል። በእኛ ጊዜማ ሥዕል ማለት መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሳሉትን ባንዲራ ደብተር ላይ መገልበጥ ነበር። ታናናሾቻችን ከዚህ የተሻለ ይገባቸዋል አልን። ኒያችን መልካም ነበር። ያደረግነው ግን ያንኑ ነበር፤ ባንዲራውን በሌላ ሥዕል ቀየርነው እንጂ።

*የመጀመሪያው ቅዳሜ*

ገንዘብ አዋጥተን ባለቀለም እርሳስ፣ የውሃ ቀለምና ላጲስ ገዛን። ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከቫን ጎህ ሥራዎች በዓለም እጅግ የታወቀውን፣ ከዋክብት የሞሉበትን የሌሊት ሰማይ፣ በቀለም አሳትመን ለ38 ልጆች አደልን። «ይህን የሳለው ታላቅ ሠዓሊ ነው፤ ዛሬ እንደሱ እንስላለን» አልናቸው።

ወንበር ስላልበቃ ልጆቹን ቅጥር ግቢው ውስጥ ጥላ ስር ሰሌን አንጥፈን አስቀመጥናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጸጥ ብለው ሠሩ። እኛም ጸጥታውን እንደ ስኬት ቆጠርነው፤ ፎቶ አነሳን፤ ለጓደኞቻችን ላክን።

ከኋላ የተቀመጠ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ደጋግሞ ይስላል፣ ደጋግሞ ያጠፋል። ሰማዩ እንደ ቅጂው አልጠመዘዝ ብሎታል። በመጨረሻ ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ተበሳ። እርሳሱን አስቀመጠና «እኔ አልችልም» አለን። አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። የታወቀ ነገር እንደሚናገር ሰው ነው የነገረን። «ቀጥል፣ ጎበዝ» አልነው። ቀና ብሎም አላየንም።

እዚያው ቀን የአንዲት ልጅ አባት መጡ። ከሰላምታ በኋላ «ልጆቼ፣ መልካም ሥራ ነው የያዛችሁት፤ ግን ልጄ ምን እየሳለች እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ነፍስ ያለው ነገር ታስስሏቸዋላችሁ?» አሉን። ቁጣ የለባቸውም፤ አደራ እንጂ። ወረቀቱን አሳየናቸው፤ ሰማይ፣ ኮከብ፣ ዛፍ። ፈገግ አሉና «ይሄ የየት አገር ሰማይ ነው?» ብለው ጠየቁን።

መልስ አልነበረንም። ቫን ጎህ ያንን ሰማይ የሳለው እ.ኤ.አ. በ1889 በደቡብ ፈረንሳይ ታምሞ በተኛበት ቤት ሳለ፣ በመስኮቱ ያየውን ይዞ ነው። እሱ በመስኮቱ አየ። እኛ ደግሞ የአዋሽ ልጆችን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰማዩ እስከ ፈንታሌ ተራራ ድረስ በኮከብ የሚሞላላቸውን ልጆች፣ ፊታቸውን ከራሳቸው ሰማይ አዙረን የእሱን መስኮት አስገለበጥናቸው።

*ከተቀመጡበት ስር*

ዕቃ ስንሰበስብ አንዲት ልጅ ከሰሌኑ ላይ አልነሳ አለች። በጣቷ በሰሌኑ ላይ ያለውን መስመር ተከትላ ትሄዳለች፤ ጥቁሩ ሦስት ማዕዘን ከቀዩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ትቆምና እንደገና ትጀምራለች። «ምን እየሠራሽ ነው?» አልናት። «አያቴ እንዲህ ትሠራለች። እኔ ግን የት እንደሚጀምር አላውቅም» አለችን።

እናንተዬ፣ 38 ልጆች አንድ ሰዓት ሙሉ የተቀመጡት በዚያ ሥራ ላይ ነበር። በሸለቆው ከሚበቅለው የዘንባባ ቅጠል ተሰንጥቆ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በአፋር እናቶች እጅ የተሠራ። የአፋር ቤት ራሱ፣ ዳቦይታው፣ ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የሚቆም ነው፤ ሠሪዎቹም ሴቶቹ ናቸው። እኛ ረግጠነው አልፈን ወረቀት አደልን።

በዚያ ምሽት ቁጭ ብለን ስንነጋገር አንደኛዋ እህታችን ስለ ሌላ ሆላንዳዊ አነሳች። ኤሸር ይባላል፤ ሥዕሎቹ እንደ ሰድር ተገጣጥመው ክፍተት በማይተዉ ቅርጾች የታወቁ ናቸው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ስፔን ሄዶ ግራናዳ የሚገኘውን አልሐምብራን አየ። ሙስሊም ነገሥታት በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። በ1936 ከባለቤቱ ጋር ተመልሶ መጣና የግድግዳውን ሰድሮች እያየ ለቀናት ገለበጠ። ከዚያ በኋላ የሥራው መንገድ ተለወጠ።

ነገሩ አሳፈረንም አሳቀንም። አንድ ሠዓሊ የሙስሊም ባለ እጆች የሠሩት ግድግዳ ስር ሊቀመጥ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ እኛ ከሩቅ አገር ሥዕል አሳትመን አምጥተን ከሥራችን ያለውን ሰሌን አላየንም። ግን ልብ በሉ፤ ኤሸርም ገልብጧል። እሱ ሲገለብጥ የፈለገው የሰድሩን መልክ ብቻ አልነበረም፤ ቅርጹ ያለ ክፍተት እንዴት እንደሚገጥም ማወቅ ነበር። እኛ ለልጆቹ የሰጠነው መልኩን ነው። እንዴት የሚለውን አልሰጠናቸውም።

*ገመድ፣ ምስማርና ከሰል*

ለቀጣዩ ሳምንት ሁለት ሰው አማከርን። አንደኛው የሰፈራችን ኡስታዝ ናቸው። የአባትየውን ጥያቄ ስናነሳላቸው ኢብኑ ዐባስ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ሥዕልን መተዳደሪያው ላደረገ ሰው የሰጡትን የታወቀ ምክር አስታወሱን፤ ወደ ዛፍና ነፍስ ወደሌለው ነገር እንዲመለስ መክረውት ነበር። «ድንጋይ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ቅጠል አለ፣ የግመል ኮቴ በአሸዋ ላይ አለ። ይህን ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ ተመለሱና ጠይቁኝ» አሉን እየሳቁ። ከተማችን የብዙ እምነት ልጆች የሚኖሩባት ናት፤ ሁሉም አብሮ የሚሠራውን ነገር መምረጣችን ደግሞ ማንንም ከማንም ሳይለይ አስኬደን።

ሁለተኛዋ የልጅቱ አያት ናቸው። ገና ያላለቀ ሰሌናቸውን ይዘው መጡ። አማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ ከመካከላችን አፋርኛ የምትችለው ታስተረጉማለች። ልጆቹ ከብበዋቸው ሲንጫጩ የመጀመሪያ ቃላቸው «ዝም ብላችሁ እዩ። ስቆጥር አታስቱኝ» የሚል ነበር። ለካ ከንፈራቸው ውስጥ ይቆጥራሉ! አንድ ስንጣቂ ከተሳተ ሦስት ማዕዘኑ በሙሉ ይንሻፈፋል። ሲሳሳቱም አየናቸው። ምንም አላሉም፤ እስከ ስህተቱ ፈትተው እንደገና ቀጠሉ።

ከዚያ የእኛ ተራ ሆነ። ኮምፓስ ለሁሉም መግዛት አንችልም። ምስማር፣ ሲባጎና ከሰል ግን አለ። ከሰሉ በሸለቆው እንደ ወረርሽኝ ከተስፋፋው ፕሮሶፒስ የሚከሰል፣ በመንገዱ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት የሚሸጠው ነው። አሠራሩን እንንገራችሁ፤ የትም ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ምስማሩን መሬት ላይ ትተክላላችሁ፣ ሲባጎውን ታስራላችሁ፣ በሌላኛው ጫፍ ከሰል ይዛችሁ ካርቶን ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ ክብ ታዞራላችሁ። አሁን የሲባጎውን ርዝመት ሳትቀይሩ ምስማሩን ከክቡ መስመር ላይ አንድ ቦታ አድርጉና መስመሩን የሚነካበትን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ምልክት ተነስታችሁ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ልክ ስድስት ጊዜ ስትሄዱ ከተነሳችሁበት ነጥብ ላይ ትደርሳላችሁ። ሁልጊዜ ስድስት ነው፤ ክቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ። ምክንያቱም ክቡ ውስጥ ጎኖቻቸው እኩል የሆኑ ስድስት ሦስት ማዕዘኖች በልክ ስለሚገቡ ነው። በየነጥቡ ሙሉ ክብ ካዞራችሁ ደግሞ መካከል ላይ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ይወጣል። በየአገሩ በመስጊድ በርና መስኮት ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ጌጦች የሚነሱት ከዚህች ቀላል ነገር ነው።

ያ «እኔ አልችልም» ያለን ልጅ መጥቶ ነበር። የእሱ ስድስተኛ ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም፤ ሁለት ጣት ያህል ቀረው። እኛ የባለፈውን ፈርተን ልንረዳው ተጠጋን። እሱ ግን ክቡን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ከዚያ «ሲባጎው ላልቷል» አለ። አጥብቆ አሰረና እንደገና ዞረ። ገጠመለት።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙልን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ያስቀመጥንለት ሥራ ስህተቱን የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ልጁ ስህተቱን ራሱ ላይ አገኘው፤ «እኔ አልችልም» አለ። ሁለተኛው ሥራ ስህተቱ የት እንዳለ ያሳያል። «ሲባጎው ላልቷል»። በሁለቱ ንግግሮች መካከል ያለው ርቀት ለአንድ ልጅ ትንሽ አይደለም።

*ወንዙን ጠቅልለን ሰመራ*

ከአዋሽ እስከ ሰመራ በአስፋልቱ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ በኩል። የሁለቱን ከተማ ልጆች በምን እናገናኛቸው ስንል መልሱ ከጎናችን ይፈስ ነበር። አዋሽ ወንዝ ከደጋው ተነስቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ግን ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያበቃል። «አንድ ወንዝ፣ አንድ ረጅም ወረቀት» አልን። ከካርቶን የተቆረጡ እኩል ቁራጮች አዘጋጀን፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቁራጭ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ የአንተ ወንዝ ከጎረቤትህ ወንዝ ጋር ጠርዝ ላይ መገናኘት አለበት። የሰሌኑና የአልሐምብራው ሕግ እዚህም ሠራ።

የአዋሽ ልጆች ገደሉን፣ ፏፏቴውን፣ የባቡሩን ድልድይ በከሰልና በአፈር ሠሩ። አፈሩን ነጥረው፣ በውሃና በዱቄት ሙጫ ለውሰው ሦስት ዓይነት ቡናማ ቀለም አወጡ። እንዲሁም ስለ አዲስ አበባው ሠዓሊ ስለ ኤልያስ ስሜ ነገርናቸው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚሰበሰብ የተጣለ ሽቦ፣ ቁልፍና የኮምፒውተር አካል ትላልቅ ሥራዎችን ይሠራል፤ ሥራዎቹም በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከተከፈተው፣ በጭቃ ግንባታው ከሚታወቀው ዞማ ሙዚየም መሥራቾችም አንዱ ነው። አዋሽ የከባድ መኪና መንገድ ናት፤ የጠርሙስ ቆርኪና የተቆራረጠ ሽቦ ሞልቷል። በማግስቱ ልጆቹ በፌስታል ሞልተው መጡ። ሐዲዱ ከሽቦ፣ ጠጠሩ ከቆርኪ ተሠራ። አንድ ልጅ የሞባይል ባትሪ ይዞ ስለመጣ ግን ደንግጠናል፤ ባትሪ ከተበሳ ይቃጠላል፣ መርዝም አለው። እናንተ ስትሞክሩ ይህን ከመጀመሪያው ከልክሉ።

የልጆቹን ቁራጮች ጠቅልለን በአውቶቡስ ሰመራ ደረስን። ሰመራ ሌላ ዓለም ናት፤ አሳይታን ተክታ የክልሉ ዋና ከተማ የሆነች፣ ጥቁር ድንጋይ በተዘረጋበት ሜዳ ላይ ያለች አዲስ ከተማ። እዚያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረን አራት ሰዓት ላይ ማቆም ነበረብን። የውሃ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳለ ይደርቃል።

ያ ፀሐይ ጠላታችን ነው ብለን ነበር። ከዚያ አፈወርቅ ተክሌን አስታወስን። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያሉትን፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሰፉትን ባለቀለም የመስታወት መስኮቶች የሠራው እሱ ነው። ሦስት ክፍሎች ናቸው፤ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያሉ። እኛ ሥዕሉን አልገለበጥንም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ወሰድን፤ ብርሃን ራሱ ቀለም ቢሆንስ? ልጆቹ ካርቶን ላይ በሲባጎ ያወጡትን ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ቆርጠው ክፍተቱን በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ስስ ፌስታል ሸፈኑ። የክፍሉ መስኮት ላይ ስንለጥፈው ሲሚንቶው ወለል ላይ አበባው በቀለም ወደቀ። አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን ዘርግታ መዳፏ ቀይ ሲሆን አየችና ክፍሉን በሳቅ ሞላችው። ፀሐዩ ሲዘዋወር አበባውም ወለሉን አቋርጦ ሄደ። የሰመራን ፀሐይ ያመሰገንነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ሱብሐነላህ!

ሌላው የጨው ሥራ ነው። ከአፍዴራ ጨው የሚጭኑ ሾፌሮች ልጆች ነበሩበት። እርጥብ የውሃ ቀለም ላይ ሻካራ ጨው ስትበትኑ ጨው ውሃውን እየሳበ ቀለሙን ይገፋዋል፤ ሲደርቅ ስታራግፉት እንደ በረዶ፣ እንደ ከዋክብት ያለ መልክ ይቀራል። ሙቀቱ ስላስቸገረን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ማርጠብ ነበረብን። አንዱ ልጅ ውጤቱን ሲያይ «ይሄ ሰማይ ነው» አለ። በዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜ ያሳተምነውን ሰማይ አስታወስን። ይኼኛው ከአፍዴራ የመጣ ነው።

*የገጠመውና ያልገጠመው*

በመጨረሻው ቀን የአዋሽን ቁራጮች ኮሪደሩ ላይ ዘረጋን፤ የሰመራ ልጆች ከዚያ ቀጠሉ። ተንዳሆን፣ ዱብቲን፣ አሳይታን ሠሩ። አንዱ ደግሞ ሐዳርና ጎና ያሉበትን አካባቢ ወሰደና ድንጋይ ብቻ ሠራ። ጎና ተመራማሪዎች ወደ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋሉ የሚሏቸው፣ በእጅ የተጠረቡ ድንጋዮች የተገኙበት ቦታ ነው። «የእጅ ሥራ እዚሁ ነበረ ማለት ነዋ» አለን። እኛ እንኳ እንደዚያ አላሰብነውም ነበር።

ከአዋሽ የመጣው የመጨረሻ ቁራጭ የዚያው የሲባጎው ልጅ ነበር። ወንዙን ከመካከል ሳይሆን ከታች ጥግ አስወጥቶታል። የሰመራዋ ተረካቢ ተናደደች፤ «ይህን እንዴት አድርጌ ነው የምቀጥለው?» አለች። ትንሽ አሰበችና የራሷን ወንዝ ከታች ጥግ አስጀምራ ቀስ በቀስ ወደ ላይ አጠማዘዘችው። ከሁሉም ቁራጮች በጣም ወንዝ የሚመስለው የሁለቱ መገናኛ ሆነ። ፎቶውን ለአዋሹ ልጅ አሳየነው። «ማን ናት?» ብሎ ስሟን ጠየቀን።

ያልገጠመም አለ። እኚያ አያት ሊሄዱ ሲሉ «ልጆቹ ይህን ከተማሩ በኋላ የሚገዛቸው ሰው አለ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። የፕላስቲክ ምንጣፍ ርካሽ ነው፤ ገበያው በእሱ ተሞልቷል። መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። በሦስት ቅዳሜ የሰሌን ሙያ አይድንም። የምናውቀው የልጅ ልጃቸውና አንዲት ጓደኛዋ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እሳቸው ዘንድ እንደሚቀመጡ ነው። የት እንደሚጀምር አውቃለች።

በየከተማችሁ ለመሞከር ለምታስቡ፣ ከእኛ ስህተት የተረፈው ምክር ይህ ነው፦

• ከታላቅ ሠዓሊ ሥራውን ሳይሆን ጥያቄውን ውሰዱ። ምን አየ? በምን ሠራ?
• ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከሰል፣ አፈር፣ ጨው፣ ካርቶን፣ ቆርኪ በየከተማው አለ።
• በሰፈሩ በእጁ የሚሠራ ሰው ፈልጉ፤ ሰፌድ የምትሰፋ እናት፣ ግንበኛ፣ አናጢ። እንግዳ አድርጋችሁ ሳይሆን መምህር አድርጋችሁ ጋብዙ።
• ወላጆችን ከመጀመሪያው አናግሩ። የአባትየው ጥያቄ ሥራችንን አላቆመውም፤ አስተካከለው።
• ልጁ ስህተቱን ራሱ የሚያገኝበትን ሥራ ስጡ፤ ሲያገኘውም እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ።

ለሚመጣው እረፍት ኢንሻአላህ አዋሽ እንመለሳለን። ሲባጎ ገዝተናል። ሰሌን ግን አንገዛም፤ የትኛውን እንደምናነጥፍ ልጅቷ ትመርጥልናለች፣ ከመቀመጣችን በፊትም ቁጭ ብለን እናየዋለን።